የጭድ ያለህ!

እሑድ ጠዋት መርካቶ ትንፋሽ የምትሰበስብበት ሰዓት ነው። የሳምንቱን ጩኸት ውጣ፣ የሱቆቿን መዝጊያ አውርዳ፣ ጋሪዎቿን በአፍጢማቸው ደፍታ ለጥቂት ሰዓት ዝም ትላለች። እንዲህ ባለው አንድ እሑድ ከጭድ ተራ ቤቴ ብቅ ስል መኪናዬ ተቃራኒውን አድርጋ ጠበቀችኝ፤ ያላትን ትንፋሽ ሁሉ ሌሊቱን ለቅቃ አድራለች። የፊት ቀኝ ጎማዋ ተዘርግቶ ቸርኬው ኮብልስቶኑን ሊነካ የጣት ያህል ቀርቶታል። አማርኛችን በዚህ ነገር ላይ እንግዳ ጠባይ አለው። ሰው «ተነፈሰ» ሲባል በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ጎማ «ተነፈሰ» ሲባል አለቀለት ማለት ነው።

መኪናዬ ዲኤክስ ናት። የዲኤክስ ባለቤት አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ነገር አይቸግረውም፤ መለዋወጫና ምክር። ሁለቱም መርካቶ ሞልተዋል። መለዋወጫው ሄደው ተከራክረው የሚገዙት ነው፤ ምክሩ ግን ሳይጠሩት ደጃፍ ድረስ በነፃ ይመጣል።

ጎሚስታው ከቤቴ ቢርቅ ሠላሳ እርምጃ ነው። ሄጄ ዋጋ ጠየቅሁት። የነገረኝን አልጽፈውም፤ ይህ ጽሑፍ ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ ስለሚጨምር ውሸታም ያደርገኛል።

«ለአንዲት ቀዳዳ?» አልኩት።

«ቀዳዳዋማ ምን አላት ጋሼ! ዋጋው የማውጣቱና የማግባቱ ነው።»

«ማውጣትና ማግባቱንማ እኔም አላጣውም።»

«ይችላሉ» አለ ሳይከራከር። ከዚያ ዱካውን ከጥላው ሥር አውጥቶ፣ ፊቱን ወደ መኪናዬ አዙሮ፣ ሻዩን ይዞ ተቀመጠ። በሰው ጥረት ላይ እንዲህ ተመቻችቶ የተቀመጠ ሰው ስታዲየም ውስጥ እንኳ አላየሁም።

ያኮራኝ ነገር ግን ነበረኝ። አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። አሰብ ወደባችን በነበረበት ዘመን፣ ማለትም እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ እየተመላለሰ ጎማውን በገዛ እጁ ሲፈታና ሲያስር ኖሯል። እኔም ከእሱ ሁለት ነገር ወርሻለሁ፤ ቶሎ መቆጣትንና ሁለት ብረት። ብረቶቹ ከአሮጌ ባሌስትራ የተቀጠቀጡ፣ ጫፋቸው እንደ ማንኪያ ለመጥ ያለ የጎማ ማውጫዎች ናቸው። አልጋ ሥር ተጋድመው ዓመታት ቆይተዋል። ጎትቼ ሳወጣቸው አቧራቸውን እንኳ በአክብሮት ነው የጠረግሁት።

ደግሞም ጎማ ከጅምሩ የቤት ሥራ ነው። በ1888 እ.ኤ.አ. ቤልፋስት ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊ ጆን ቦይድ ደንሎፕ መካኒክ አልነበረም፤ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ልጁ በሦስት እግር ብስክሌቱ ድንጋይ ለድንጋይ ሲንገጫገጭ አይቶ ስስ ላስቲክ ጠቀለለ፣ በጨርቅ አለበሰው፣ አየር ነፋበትና ለልጁ ገጠመለት። አየር ያለበት ጎማ ገበያ የወጣው እንዲህ ነው። ኋላ ላይ ሮበርት ቶምሰን የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ ያንኑ ሐሳብ ከአርባ ዓመት በላይ ቀድሞ አስመዝግቦት እንደነበር ታወቀና የደንሎፕ የባለቤትነት መብት ተሰረዘ፤ ዝናው ግን ለደንሎፕ ቀረ። የከብት ሐኪም የፈጠረውን ነገር የመርካቶ ልጅ መፍታት ያቅተዋል? እንዲህ አልኩና እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ጎማ ሊቀይር የተነሣ ሐበሻ አማርኛውን ቤቱ ትቶ መውጣት አለበት። ጎማው የሚለብሰው ብረት ቸርኬ ነው፤ ቸርኬውን የሚያስረው ቡሎን፤ መኪናውን የሚያነሣው ክሪክ፤ ትርፉ ጎማ ስኮርታ፤ ማጣበቂያው ማስቲሽ፤ ባለሙያው ጎሚስታ። ሁሉም ከጣልያን አፍ የተቀበልናቸው ናቸው። ጣልያን «ካሜራ ዳሪያ» ያለውን፣ ጎማው ውስጥ የሚነፋውን ላስቲክ፣ ካላማዳሪያ የሚለው አለ፣ ከመነዳሪ የሚለው አለ፤ እኔ በዚያ ቀን ብቻ አራት ዓይነት ስም ሰምቼለታለሁ። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን በያዘበት ዘመን የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ነቅሎ ወደዚህ ወደ ምዕራቡ ሲገፋው የተከለው ስም ነው። አያቶቻችን አምስት ዓመት ተዋግተው አገሩን አስለቀቁት። ክሪኩን ግን ማስለቀቅ አልቻሉም።

ስኮርታህስ የት ሄደ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። የተነፈሰው እሱ ነው። ዋናው ጎማ ካረፈ ወራት ሆኖታል። በዚህ ረገድ እንዲያውም ከዘመኑ ቀድሜያለሁ፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከተማውን ከሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ስኮርታ የሚባል ነገር አያውቁም፤ በምትኩ ትንሽ መንፊያና አንድ ጠርሙስ ማጣበቂያ ይዘው ነው የሚመጡት። እኔ ጠርሙሱም የለኝም።

እንግዲህ ክሪኩን ከመኪናዋ ሥር አስገብቼ ማንሣት ጀመርኩ። የእጅ ፍሬኗ ስለማይሠራ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከኋላ ጎማዋ ሥር ወሽቄያለሁ። ጎማው ከመሬት ተላቀቀ። በኩራት መፍቻውን ቡሎኑ ላይ ሰክቼ ስጠመዝዝ ቡሎኑ ሳይሆን ጎማው ዞረ። እንደገና ጠመዘዝኩ፤ እንደገና ዞረ። አሥር ዓመት የማይሞላው የጎረቤት ልጅ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ ሲያየኝ ቆየና፣

«ጋሼ፣ ቡሎኑ የሚላላው መሬት ላይ እያለች ነው» አለኝ።

ጎሚስታውን ቀና ብዬ አላየሁትም። ሻይ ሲምግ ግን ሰማሁት።

መኪናዋን አውርጄ፣ ቡሎኖቹን አላልቼ፣ እንደገና አነሣኋት። በዚህ መሃል ጭድ ተራ ነቅቷል። ሰፈራችን ውስጥ «ብቻዬን» የሚባል ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ የእኛ ሰው ብቻውን የሚሠራው ሕልም ማየት ብቻ ነው፣ እሱንም ጠዋት ለጎረቤት ያስፈታዋል። «የቤት ሥራ» ስል ቤት ማለቴ ደግሞ ያው ደጃፉ ነው፤ ደጃፉ መንገድ ነው፣ መንገዱ ገበያ ነው፣ ገበያውም የሁሉ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሊ መኪናውን ከጅቡቲ በበረሃ አምጥቶ አዲስ አበባ ሲያስገባትና ምኒልክ ሲሳፈሩባት ሕዝቡ እንዴት ግልብጥ ብሎ እንደወጣ መገመት አይከብደኝም። ከዚያ ሕዝብ ውስጥ ቢያንስ አንዱ፣ መኪና አይቶ በማያውቅ ዓይኑ ጎማዋን ዝቅ ብሎ አይቶ፣ «ይቺማ ነፋስ ጎድሏታል» ሳይል አይቀርም። ዘሩ ጭድ ተራ ይኖራል።

አንድ ወጣት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጎኑን በምራቁ አሸት አሸት አደረገና አነበበ። «ጋሼ፣ 3211 ይላል።» እኔ የሎተሪ ዕጣ መስሎኝ ነበር። ለካ ጎማ ጎን ላይ DOT ከሚለው ቀጥሎ ከሚጻፈው መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የልደት ቀኑ ናቸው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የፈረንጁን ዓመት ይናገራሉ። የእኔ ጎማ በ2011 እ.ኤ.አ. በሠላሳ ሁለተኛው ሳምንት የተወለደ ነው። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። «ከመጨረሻ ልጃቸው ይበልጣል» አለ አንዱ፤ እውነቱን ነው። ጎማ ስትገዙ ታዲያ ጥርሱን ብቻ አትዩ። ጥርስ ሳያልቅ እርጅና ይመጣል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ሻጩ ደግሞ ቀለም ቀብቶ ያጠቁረዋል። አራቱን አኃዝ አንብቡ።

ሌላው በረባሶ የሚሠራ ሰው ነው። ከጎማው ይልቅ የጎማውን ሞት ሲጠብቅ ነበር። በስንዝሩ ለካው፣ አንኳኳው፣ በጥፍሩ ጫረው፣ ስንት ጥንድ እንደሚወጣው በልቡ ሲያሰላ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻ «ሽቦ አለበት» ብሎ ተወው። ቢላዋውን ያዶለዱመዋል። የዛሬ ጎማ ለመኪናም ለእግርም አልሆነ እያለ ሄደ። ዕድሜ ልኩን ሲሮጥ የኖረ ጎማ በመጨረሻ ጫማ እንኳ ለመሆን ሳይበቃ ሲቀር ማየት ያሳዝናል።

ጎማን ከመኪና መፍታት አንድ ነገር ነው፤ ጎማን ከቸርኬ መፍታት ሌላ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱ አንድ ይመስሉኝ ነበር። የጎማው ጠርዝ፣ ከንፈሩ እንበለው፣ ውስጡ የብረት ሽቦ አለው። ላስቲኩ ይለጠጥ ይሆናል፤ ሽቦው ግን ንቅንቅ አይልም። ያ ከንፈር ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ ዓመታት ሲቀመጥ፣ ዝገትም መሃላቸው ገብቶ ሲያዋድዳቸው፣ እንደሚጣሉ ባልና ሚስት ይሆናሉ። ልትለያዩአቸው የገባችሁ ዕለት ሁለቱም ባንድ ላይ ይነሡባችኋል።

ቆሜ ረገጥኩት፤ ዘለልኩበት። ከንፈሩ ሳይሆን ወገቤ ተንቀሳቀሰ። በዚህ ጊዜ ሕዝቡ በሦስት ተከፈለ። አንደኛው ወገን መዶሻ ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ ወፍራም ሰው ፈልጋችሁ አስረግጡት ይላል፤ ወዲያው የሁሉም ዓይን ወደ አንድ እህል ነጋዴ ዞረ፣ ሰውየውም ነገሩ ሲገባው ቤተ ክርስቲያን እንደረፈደበት ትዝ አለው። ሦስተኛው ወገን የአይሱዙ ሹፌሩ ነው። ሕዝቡ ለፍጥነቱ «አልቃይዳ» የሚለውን ያን ጭነት መኪና ይነዳል፤ እሑድ ስለሆነ መኪናውም እሱም ሰላማዊ ናቸው። ጎማውን ከአይሱዙው ወገብ ሥር አስተኛው፤ ክሪኩን ከጎማው ከንፈር ጫፍ ላይ አቆመው፤ ከዚያ ክሪኩን ወደ ላይ ማንሣት ጀመረ። ክሪኩ ወደ ላይ የአይሱዙውን ብረት፣ ወደ ታች የእኔን ጎማ ገፋ። አይሱዙው ምንም አልመሰለውም። ጎማው ግን «ጧ!» ብሎ ከንፈሩን ከፈተ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ ቀን ሁሉ በሙሉ ልቤ የማደንቀው ይህን ብልሃት ነው፤ ማሽን የሌለው ሰው የጭነት መኪናን ክብደት በነፃ ይበደራል።

አንድ ነገር ግን ረስተናል። ከአይሱዙው ሥር ያቆምነውን ክሪክ የወሰድነው ከየት ነው? ከዲኤክሷ ሥር። ዲኤክሷ በምን ቆማለች? ከአይሱዙው ሹፌር ጋር በመጣ ሌላ ክሪክ፤ እሱም ቢሆን ጫፉ የተጣመመ። ይህን ሳሰላስል አንዲት ቆሎ የምትሸጥ ሴት መቀመጫ አጥታ ዞር ዞር ስትል ከኋላ ጎማው ሥር ያለችውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አየቻት። ጥሩ ድንጋይ ናት፤ እኔም ለጠፍጣፋነቷ ነው የመረጥኳት። አነሣቻት። መኪናዋ ወደ ኋላ ስንዝር ሄደች፤ ክሪኩ አዘመመ፤ «ኧረ ያዝ!» ሲባል ጭድ ተራ ባንድ እጅ ያዛት። አሥራ አምስት ሰው መኪና ደግፎ ቆሞ፣ ሴትዮዋ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ፣ «ምን ሆናችሁ?» አለችን።

ስለ ድንጋይ ከተነሣ፣ በአገራችን መንገድ ላይ የተበላሸ መኪና ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ይደረድራል፤ ይህ ደግ ነው፤ መጪው እንዲጠነቀቅ ነው። ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩን እዚያው ጥሎ ይሄዳል። ሌሊት የሚመጣው ሌላው ሹፌር ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ይበላሻል፤ እሱም ድንጋይ ይደረድራል። እኔ በድንጋይ አልቀልድም። ለዚህ ነው የቆሎዋን ሴት ያልተቆጣኋት፤ እሷ ቢያንስ ከመንገድ አንሥታዋለች።

በዚህ ግርግር መሃል ነው የአባቴ የመንገድ ጓደኛ፣ የሰፈሩ ጡረተኛ ሹፌር፣ ከዘራቸውን ይዘው የደረሱት። የተፈታውን ጎማ እያዩ መጀመሪያ ያሉት፣

«አንተ ልጅ፣ ትርፍ ጎማ ካለ ከመኪናው ሆድ ሥር ይተኛል። ክሪክ ይክዳል፤ ጎማ አይክድም። አባትህ ይህን አልነገረህም?»

«ነግሮኝ ነበር አባባ፤ ረስቼው ነው።»

«አባትህ አይረሳም ነበር።»

ከጎሚስታው ፊት ለፊት እንዲህ ተባልኩ። ከየት እንደመጣ ያላየሁት ያረጀ ጎማ ተንከባሎ መጥቶ ከዲኤክሷ ሥር ተኛ።

ብረቶቹን አስገባሁ። አንደኛውን ብረት ሰክቼ ወደ ታች ስጫን ከንፈሩ ተነሣልኝ። ሁለተኛውን ከጎኑ ስሰካ የመጀመሪያው አመለጠና ቅልጥሜን አገኘው። አባቴ ቁጣውንም ለምን እንዳወረሰኝ ያኔ ገባኝ፤ ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ዕቃዎች ናቸው። ከብዙ ላብ በኋላ አንዱ ከንፈር ወጣ፤ ከመነዳሪዋንም እንደ አንጀት ጎትቼ አወጣኋት። የጎረቤቴን ሳፋ ተዋስኩ። «የሊጥ ሳፋዬ ነው፣ ዘይት እንዳትነካብኝ» ስትል፣ ሳፋው ውስጥ ውሃው ከወዲሁ ጠቁሯል። ከመነዳሪዋን በብስክሌት መንፊያ ነፍተን ውሃ ውስጥ ስንነክራት ከአንድ ቦታ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ልጆቹ እልል አሉ። በአሸዋ ወረቀት ፈተግኩ፣ ማስቲሽ ቀባሁ፣ እስኪደርቅ ጠበቅሁ፣ ለጠፍኩ። ይህ ክፍል በእውነት አምሮልኝ ነበር። ጎሚስታው እንኳ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አይቶታል።

ጥፋቱ የመጣው ስመልሰው ነው። ከመነዳሪዋን አስገብቼ የመጨረሻዋን የከንፈር ጥግ በብረት ሳስገባ፣ የአባቴ ብረት ጫፍ ውስጥ ያለችውን ላስቲክ ከቸርኬው ጋር ቆንጥጧታል። እኔ አላየሁም። ሰዉም አላየም። ያው የብስክሌት መንፊያ ተመልሶ መጣና መንፋት ጀመርን።

መርካቶ ሁሉ ነገር በተራ ነው፤ በርበሬው በተራው፣ ሸማው በተራው፣ ጭዱ በተራው። አሁን ደግሞ የመንፊያ ተራ ተቋቋመ። ልጆቹ ተሰልፈው እያንዳንዳቸው ሃምሃምሳ ጊዜ ይነፋሉ፤ ተራ የዘለለ ይባረራል፤ አንዱ ትልቅ ልጅ ተራ አስከባሪ ሆኖ ሳይነፋ ዋለ። «አሰብ ላይ እንዲህ አያደክምም ነበር» አሉ ሽማግሌው። ሁሉም የዕድሜ ትዝታ መስሎት ሳቀ። እሳቸው ግን ልክ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከአሰብ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። መንፊያው በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። አሰብ ላይ መቶ ጊዜ ተነፍቶ የሚሞላ ጎማ እዚህ መቶ ሠላሳ ይጠይቃል። ሽማግሌው ይህን በወገባቸው ነው የተማሩት።

መቶ ሠላሳም ነፋን፤ ሦስት መቶም ነፋን። ጎማው ቀና ይልና መልሶ ይለሰልሳል። ጆሮዬን አስጠግቼ ሳዳምጥ ሦስት ቦታ ያፏጫል። አንድ ቀዳዳ ልደፍን ገብቼ ሦስት ጨምሬ ወጥቻለሁ።

ዝምታ ሆነ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣

«ቀላል ነው፤ ጭድ እንጠቀጥቅበታለን» አሉ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አይደለም። በረሃ ላይ ከመነዳሪው ተቀዳዶ መለጠፊያ ሲያልቅ፣ ጎማውን ሣር ወይም ጭድ አጭቀውበት፣ ቸርኬው እንዳይበላሽ ቀስ እያሉ እስከሚቀጥለው ከተማ ይሄዱ ነበር። ሣሩ እየላመ ሲሄድ ወርደው ይጨምራሉ። በሌላው ዓለምም በረሃ ለበረሃ የሚነዱ ሰዎች የሚያውቁት ዘዴ ነው። «ሣር ይሟሽሻል፣ ጭድ ይሻላል» አሉ። ቀጥለውም ፊታቸው በራ። «ደግሞ የት ነው ያለነው? ጭድ ተራ!»

ሰዉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ብሩህ ሆነ። አንድ ሰፈር ስሙን የሚያስመሰክርበት ቀን በዕድሜው ስንት ጊዜ ይመጣል? ልጆቹ በአራቱም አቅጣጫ ተላኩ። «የጭድ ያለህ!» እያሉ በየበሩ አንኳኩ። ጭድ ግድግዳ ከጭቃ ጋር ያቆመ፣ ፍራሽ ሆኖ ስንቱን ያስተኛ፣ የስንቱን ከብት ክረምት ያሻገረ ነገር ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲመለሱ ያመጡት ይህ ነው፦ የስፖንጅ ፍራሽ ቁራጭ፣ ሁለት ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የቴሌቪዥን ካርቶን፣ አንድ ሙሉ ቦንዳ የላስቲክ ገመድ፣ ከማን ቤት እንደወሰዱት ያልታወቀ ትራስ። ጭድ የለም። አንዱ ልጅ ከአንድ ነጋዴ መልእክት ይዞ መጣ፤ «ስንት ኩንታል እንደሚፈልጉ ይንገሩኝና ለማክሰኞ ላስመጣ» ብሏል። መርካቶ የለም አይልም፤ ቀን ይቆርጣል።

ሽማግሌው አልተናገሩም። ትራሱን ተቀብለው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት፤ ከውስጡ የጭድ ኮሽታ ይመጣ ይሆን ብለው ነው መሰለኝ። እሱም ስፖንጅ ነበር።

ያን ጊዜ ጎሚስታው ተነሣ። ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ሠላሳዋን እርምጃ ሳይቸኩል ተራመደ። «ብረቶቹን ይስጡኝ» አለኝ። ሰጠሁት። አገላብጦ አያቸውና፣ «እነዚህ ጥሩ ብረቶች ናቸው» አለ። ከጠዋት ጀምሮ የሰማሁት ብቸኛ ምስጋና ነው፤ እሱም ለእኔ አልነበረም።

የሠራውን በደንብ አየሁት። አንደኛ፣ ከንፈሩን ዙሪያውን የሳሙና ውሃ ቀባው። ሁለተኛ፣ እና ምሥጢሩ ሁሉ ይህ ነው፣ ብረቱን ከማስገባቱ በፊት በተቃራኒው በኩል ያለውን ከንፈር በጉልበቱ ተንበርክኮ ወደ ቸርኬው መሃል ገፋው። የቸርኬ መሃሉ እንደ ገንዳ ጎድጎድ ያለ ነው፤ እኔ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። ከንፈሩ በአንድ ወገን ገንዳው ውስጥ ሲወርድ በሌላው ወገን ያንኑ ያህል ይላላል። ሽቦው አልተለጠጠም፤ ቦታ ተሰጠው እንጂ። ብረቱን በሁለት ጣት አነሣው ብል አላጋነንኩም። እኔ አንድ ሰዓት የታገልኩትን እሱ አራት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ከመነዳሪዋን ወደ ቤቱ ወስዶ በእሳት ለጠፋት። ከአሮጌ ፒስተን የተሠራ መጫኛ አለው፤ ውስጡ ጥቂት ቤንዚን ይነዳል፣ ላስቲኩ በሙቀት ተጋግሮ አንድ አካል ይሆናል። ላስቲክን ከድኝ ጋር አሙቆ እንዲጠነክር ማድረግን ያገኘው አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ነው፤ በ1839 እ.ኤ.አ.። ሰውየው ዕድሜውን ላስቲክ ሲቀቅል ኖሮ በ1860 ከባድ ዕዳ ትቶ ሞተ። በስሙ የሚጠራው ትልቁ የጎማ ኩባንያ እሱ ከሞተ ከ38 ዓመት በኋላ ሌሎች ሰዎች ያቋቋሙት ነው፤ ለቤተሰቡም አልሆነ። ይህን ለጎሚስታው ብነግረው፣ «ታዲያ ሒሳብ አስቀድሞ መቀበል ነበረበት» አለኝና እጁን ዘረጋ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። «አራት ቀዳዳ አለ ጋሼ። አንዱ የሚስማር ነው፤ ሦስቱ የእርስዎ ናቸው። የሚስማሩን እርስዎ ለጥፈውታል፣ ጥሩ ነው፣ አልነካሁትም። የእርስዎን ሦስቱን ግን በሙሉ ዋጋ ነው የሠራሁት።» ተከራከርኩ፤ ሕዝቡ ከእሱ ጋር ወገነ። ሽማግሌው ሳይቀሩ። ከፈልኩ። ጠዋት ከጠየቀኝ ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ለልጆቹ ማስቲካ፣ ለአይሱዙው ሹፌር ማኪያቶ፣ ለጎረቤቴ አዲስ ሳፋ ሳይጨመር።

የአባቴ ብረቶች አሁን ጎሚስታው ቤት ናቸው። አልሸጥኳቸውም፤ በውሰት ነው። አልጋ ሥር ከሚዝጉ ብዬ ነው።

መኪናዬም እዚያው ቦታዋ ቆማለች። የእጅ ፍሬኗ ገና አልተሠራም። ወደ ጭድ ተራ ብቅ ካላችሁ ከኋላ ጎማዋ ሥር ያለችውን ጠፍጣፋ ድንጋይ እባካችሁ አታንሡብኝ። መቀመጫ የሚፈልግ በሬን ያንኳኳ፤ ዱካ አለኝ።